ስፌቱን ያልዘጋሁት ትራስ

የካቲት 20፣ ጠዋት
ከሱቅ፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ

ለካርታዬ፣ ለባለቤቴ፤

ሰላምታዬን ከፊት ከፊት ልኬዋለሁ። ግባ ካልሽው ይግባ፤ ካላልሽውም ደጅ ይቆማል። አይከፋውም፤ የላከው ሰው ጥፋቱን ያውቃል።

አንገትሽ እንዴት ነው? ከሁሉ በፊት የምጠይቅሽ እሱን ነው። ወንድምሽ ጥሩምባ «ደህና ናት፣ ትበላለች፣ ከእህቷ ጋር ትስቃለች» ብሎኛል። ግን እሱ መኪና ሲነዳም ጥሩምባ፣ ሲያወራም ጥሩምባ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ እውነቱን ለይቶ ማውጣት አይቻልም። አንገቷስ ብዬ ብጠይቀው «ቦታው ላይ ነው» አለኝ። ይሄም መልስ ሆነና!

የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። አበቦችሽን እያጠጣሁ ነው። መስኮቱ ጋ ያለችው ጠወለገችብኝ፤ ደንግጬ ውሃ ጨመርኩላት፣ ባሰባት፤ አሁንም ጨመርኩ። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ አይቷት «አንተ ሰውዬ፣ ይቺን አበባ ልታሰምጣት ነው እንዴ?» አለኝ። አሁን እጄን ሰብስቤ አፈሩ እስኪደርቅ እየጠበቅኩ ነው። የጥርስ ሐኪሙ ረጅም ሶፋም አልቋል። ግራጫው ይሻላል ያልሽው ልክ ነበርሽ፤ ቡናማው ክፍሉን ያጨልመው ነበር። ሰውዬው መጥቶ ሲያየው ደስ አለውና «እጅህን አይያዘው፣ አይንቀጥቀጥ» ብሎ መረቀኝ። ድሮ ቢሆን አሜን እል ነበር። አሁን ግን የጨርቅ ቁርጥራጭ መልቀም ጀመርኩ። ምርቃቱ ያነሰኝ መስሎት ሌላ ሁለት ምርቃት ጨመረልኝ።

ምግብም አበስላለሁ፤ ማለቴ እሳት ላይ እጥዳለሁ። ትልቁን ድስት አትጠይቂኝ።

ልጃችን ከዩኒቨርሲቲዋ ትደውላለች። «እማዬን ስጠኝ» ትለኛለች፤ «ገበያ ሄዳለች» እላታለሁ። ባለፈው «እየታጠበች ነው» አልኳት። ከዚያ እንደገና ገበያ ላክሁሽ። ትናንት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «አባዬ፣ እማዬ ሱቅ ከፈተች እንዴ?» አለችኝ። ሳቅኩ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። አንቺ በስልክሽ ምን እንደምትያት አላውቅም። እንደኔ እንደማትዋሺያት ግን አውቃለሁ፤ «አባትሽን ጠይቂው» ነው የምትያት መሰለኝ።

ዙሪያ ጥምጥም እየሄድኩ እንደሆነ ገብቶሻል። አንድ ቤት ስንት ዓመት ኖረን፣ እንዴት አይገባሽም!

ጥሩምባ ካንቺ ዘንድ ሲመለስ እንዲህ አለኝ፦ «ብዙ ለመንኳት። ‹ሽጉጡን ደብቆ መውሰዱን አይቻለሁ፣ መማሉንም ሰምቻለሁ፣ እሱን ይቅር ልለው እችላለሁ። የቀረውን ግን ራሱ ይንገረኝ› አለች። ምንድን ነው የቀረው?» እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ «ምን የቀረ ነገር አለ? አልገባኝም» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን መርፌ ስይዝ ትጠፋኛለች፣ ጨርቅ ስቆርጥ እስታለሁ። እንደምታውቂ አላውቅም ነበር። ያችን ድምፅ የሰማኋት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ልነሳ። የምታውቂውንም እደግመዋለሁ፤ በእኔ በኩል እንዴት እንደነበረ አታውቂውምና። እጄ ከእስክሪብቶ ይልቅ መርፌ ነው የለመደው፤ መስመሩ ሲጣመም ታገሺኝ።

ሌቦቹ የመጡብኝን ቀን ታስታውሻለሽ። ለሙሽሮች ሶፋ ልናሠራ ነው ብለው ነበር የገቡት። አንዱ ጨርቅ እያገላበጠ «ይሄስ አይቆሽሽም?» ይለኛል፣ እኔ ሞኙ ስለ ጨርቁ ዝርዝር እያስረዳሁ ነው፣ ሌላው በሩን ቆለፈው። በገዛ ሲባጎዬ፣ በገዛ ሶፋዬ ላይ ጠፍረው አሰሩኝ። ከቢሮሽ ስትመለሺ መብራት ሳይበራ ሱቁ ዝም ሲልብሽ ገብተሽ አገኘሽኝ። ያኔ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበርኩ አንቺና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው። ሲባጎውን በመቀስ ቆርጠሽ፣ ሱሪዬን ገፈሽ፣ ሶፋውን በሳሙና ፈግፍገሽ ስትጨርሺ ነው ሰው የጠራሽው። ፀጉር አስተካካዩ እርጥቡን አይቶ ሲጠይቅሽ «ሻይ ፈሶበት ነው» አልሽው። እኔ ባልሽ በፍርሃት ሱሪዬን ማርጠቤን እስከ ዛሬ ለእህትሽ እንኳን አልተነፈስሽም። በጠብ ጊዜ እንኳን አንድ ቀን አላነሳሽብኝም። እኔ ግን ላንቺ የጠበቅኩልሽን አሁን ታያለሽ።

ከዚያ በኋላ ነው ፈቃድ አውጥቼ ሽጉጡን የገዛሁት። ፍርሃቴ የሚለቀኝ መስሎኝ ነበር። የባሰ! ሽጉጥ ከያዝኩ ወዲህ ነው ሰው ሁሉ ሌባ የመሰለኝ። አንድ ደንበኛ ሶፋ ሊለካ ከኪሱ ሜትር ሲያወጣ እጄ ወገቤ ላይ ሄዳ ነበር። ሰውዬው አላየኝም፤ ሜትሩን ዘርግቶ «ሁለት ከአርባ» አለኝ፣ እኔ ላቤ ጀርባዬ ላይ እየወረደ «እሺ ጌታዬ» እላለሁ።

ከዚያ የዓመት ፈቃድሽ ደረሰ። አንቺ መቼም አባትሽ መንገድ ቀያሽ ስለነበሩ ድንኳን ውስጥ ነው ያደግሽው፤ ከከተማ ወጥተሽ መሬት ላይ ካላደርሽ ዓመቱ ዓመት አይመስልሽም። እኔ ደግሞ ከላዬ ጣሪያ ከሌለ እንቅልፍ የሚባል ነገር አያውቀኝም። ቢሆንም በየዓመቱ ሐይቁ ዳር እንሄዳለን፣ አንቺ ደስ ሲልሽ ማየት ይበቃኛል። ዘንድሮ ዕቃ ስንሸክፍ መጥተሽ ወገቤን አየሽና «ወይ እሱ ይሄዳል፣ ወይ እኔ» አልሽ።

«እንዴ! ሰው በሌለበት ጫካ፣ ጅብ ያለበት፣ ሌባ ያለበት...»

«አባቴ ዕድሜውን ድንኳን ውስጥ ጨረሰ፤ የታጠቀው ሜትር ነው።»

«የአባትሽ ዘመንና የኛ ዘመን አንድ ነው?»

«ስማኝ ወስፌ። ድንኳን ጠባብ ነው። ድንኳን ውስጥ ሽጉጥ ከያዝክ፣ ካንተ ቀጥሎ ያለሁት እኔ ነኝ።»

እሺ አልኩሽ። እፊትሽ ከወገቤ ፈታሁት። አንቺ ፔርሙሱን ልታጥቢ ስትገቢ፣ እኔ ሱቅ ገባሁ።

ያችን አረንጓዴ ትራስሽን ታውቂያታለሽ፤ ስንጋባ ከትርፍራፊ ጨርቅ የሰፋሁልሽን። ሆዷን ቀደድኩት። ሽጉጡን ጥይቱን እንዳጎረስኩ ጥጡ መሃል ከተትኩትና በዚያ በምታውቂው ስፌት ሰፋሁት፣ ደንበኞች ልብሱን አውልቀው ማጠብ ሲፈልጉ በምሰፋላቸው፣ ጫፉን አንዴ ሳብ ሲያደርጉት ሁሉም በሚፈታው። እንዲያውም ስጨርስ ከመብራት ስር አገላብጬ አየሁትና ሥራዬን ወደድኩት። ይታይሽ! አንቺን እያታለልኩ በስፌቴ እኮራለሁ።

ሐይቁ ጋ ስንደርስ መግቢያው በር ላይ ዘበኛው ያለንን አስታውሺ። ሰውዬው ትሁት ነበር፤ «መሣሪያ ካለ እዚህ ይቀመጣል፣ ስትወጡ ትወስዳላችሁ፤ ምንም ችግር የለውም» አለ። ከኋላው ሳጥን ነበረው፣ ቁልፉ አንገቱ ላይ ነበር። ያኔ ማስረከብ እችል ነበር። አንቺ ትቆጪ ይሆናል፣ እንኮራረፍ ይሆናል፣ ማታ ላይ ሻይ ስናፈላ ይበርድልሽ ነበር። አንቺ ግን ዞር ብለሽ አየሽኝ፣ ዘበኛውም አየኝ፣ እኔም አፌ እንዳመጣልኝ «የለኝም፤ አንቺን ይንሳኝ!» አልኩ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ሰው ስንት ጊዜ ይምላል፤ ለክር ዋጋ ስከራከር እንኳን አንቺን ይንሳኝ እላለሁ። አንቺ ግን ወዲያው አመንሽኝ። ክንዴን ያዝሽና «ደግ አደረግክ» አልሽኝ።

የመጀመሪያው ማታ ደግሞ ምን ሆነ? ትራሱን እኔ ወደኔ ጎን አድርጌው ነበር። አንቺ «አምጣ እንጂ ትራሴን» ብለሽ ከእጄ ወሰድሽው። ምን ልበል? «ተይው፣ ይቆረቁርሻል» ልል አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ራስሽን ጥይት በጎረሰ ሽጉጥ ላይ ጥለሽ ተኛሽ። ስትገላበጪ እኔ ትንፋሼ ይቆማል። እጄን ሰድጄ ላወጣው አልኩ፤ ብትነቂስ ብዬ መለስኩት። እውነቱን ልንገርሽና፣ ሌላም ምክንያት ነበረው። መኖሩን ወድጄው ነበር። ከራስሽ በታች እንዳለ እያወቅኩ ከውጭ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ «አለ» እል ነበር በልቤ። እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም። አንቺ ጅቡን የፈራሁ መስሎሽ «አይዞህ፣ እኔ አለሁ» ብለሽ እጄን ደረትሽ ላይ አስቀመጥሽ።

ጠዋት አንገትሽን ይዘሽ ተነሳሽ። «ምን ሆኖ ነው ይሄ ትራስ እንዲህ የደነደነው?» አልሽኝ። «ጥጡ ተጓጉሎ ነው፤ ስንመለስ አፍታታዋለሁ» አልኩሽ። ከዚያ ፀሐዩ ላይ አስቀምጬሽ አንገትሽን አሸሁልሽ። «እጅህ ይባረክ» አልሽኝ። እነሆ አንገትሽን ቶሎ ቶሎ የምጠይቅሽ ለዚህ ነው።

አሁን ወደዚያ ከሰዓት መጣሁ።

ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ነበርና ምሳ ከበላን በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ ትራስሽ ላይ ራሴን ስጥል ወሰደኝ። በሕልሜ ስሄድ፣ ስሄድ፣ ሱቅ ውስጥ ነኝ። ሲባጎው እጄ ላይ ነው። በሩ እየተቆለፈ ነው። ከዚያ ዚፕ ሰማሁ፤ ጥርስ በጥርስ፣ ቀስ ብሎ የሚከፈት ዚፕ። አንቺ ነበርሽ። ሻይ አፍልተሽ ይዘሽልኝ መጥተሽ፣ በስንት ጊዜዬ እንቅልፍ እንደወሰደኝ አይተሽ፣ እንዳልነቃ ብለሽ ነው ቀስ ያልሽው። ይሄን ሳስበው፣ ካርታዬ፣ የማደርገውን አጣለሁ። እንዳልነቃ ብለሽ!

ፀሐይ ከኋላሽ ነበረች፤ ነጠላሽን ለፀሐዩ ተከናንበሽ ነበር፤ ያየሁት ጎንበስ ብሎ የሚገባ ጥላ ነው። እጄ ከኔ ቀድማ ክሩን ሳበችው። ስፌቱ ተፈታ፣ ሽጉጡ እጄ ላይ ነበር። እስከዚህ አይተሻል። ከዚያ በኋላ ለሁሉም ሰው የነገርኩት እንዲህ ነው፦ ጥይት አልነበረውም፤ ጣቴንም ቃታው ላይ አላደረግኩም፤ ወዲያው አውቄያት አወረድኩት። ለጥሩምባ እንዲህ አልኩ። ለፀጉር አስተካካዩ እንዲህ አልኩ። ለእህትሽም በስልክ።

ውሸት ነው። ጥይት ነበረው። ጣቴም ቃታው ላይ ነበረች። ስቤዋለሁ።

ደግሜ ልጻፈው፤ አንዴ ከጻፍኩት ሁለተኛው ያን ያህል አይከብድም ብዬ ነበር፣ ይከብዳል ለካ። ቃታውን ሳብኩት፣ ባንቺ ላይ። እስከ መጨረሻው ሳብኩት።

እሱም አይደለም የባሰው። «እኔ ነኝ» ብለሻል። ለራሴ ስነግረው «እኔ ነኝ ያለችው ከሳብኩ በኋላ ነው» እያልኩ ቆየሁ፤ ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ስሆን፣ ጥጥ ሳፍታታ፣ ሳልተኛ ሳድር። አይደለም። መጀመሪያ «እኔ ነኝ» አልሽ፤ ከዚያ ሳብኩት። ድምፅሽን ሰምቻለሁ፣ ያንቺ መሆኑንም አውቄያለሁ። ጆሮዬ ሰማ፣ ጣቴ ግን አልሰማችም፤ ወይም ሰምታ ማቆም አልቻለችም፤ ወይም ፍርሃት ሚስትን አያውቅም፤ እኔ እንጃ። ምክንያት ልሰጥሽ አይደለም የጻፍኩልሽ። ምክንያት ፈልጌ ያገኘሁት ሁሉ እኔን የሚያድን እንጂ አንቺን የሚያድን አይደለም።

ሽጉጡ ተጭነው እንደሚዘጉት የልብስ ቁልፍ ቀጭ አለ፤ የታፈነች ቀጭ። ኩባያው ከእጅሽ ወደቀ፣ ሻዩ የተኛሁበት ስሊፒንግ ባግ ላይ ፈሰሰ። የኩባያው ድምፅ የሸፈነልኝ መስሎኝ ነበር። አልሸፈነልኝም፤ ሰምተሻል። ቃታ እንደተሳበ ሰምተሽ፣ ዓይኔን አይተሽ፣ ዞረሽ ወጣሽና ውሃው ዳር ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ተቀመጥሽ። እስክንሄድ አንዲት ቃል አልተናገርሽም። ቤት ስንገባም ስሊፒንግ ባጉን አጥበሽ አሰጣሽና በማግሥቱ «እህቴ ጋ ልሂድ» አልሽኝ። «እስከ መቼ?» ብልሽ «አላውቅም» አልሽ። ያኔ ነው መናገር የነበረብኝ፤ አንቺም ሻንጣሽን ዘግተሽ በሩ ላይ ትንሽ ቆመሽ ነበር፤ ትጠብቂኝ ነበር አይደል? እኔ ምን አልኩሽ? «ጃኬትሽን ያዢ፣ ይበርድሻል።»

ለምን እንዳልተኮሰ ደግሞ ልንገርሽ። አንቺ ውሃው ዳር ሳለሽ ድንኳኑን ስነቅል ሽጉጡን አራገፍኩት። ከኋላ ጥይቱን የምትመታዋ መቺ ስር ጥጥ ተወሽቋል። አንዲት ቁራጭ፣ ጥፍሬን የማታክል፣ አረንጓዴ ክር ይዛ። ከትራስሽ የወጣች። ስመዠርጠው አብራ መጥታ መሃል ገብታለች፣ መቺዋ ጥጧ ላይ አረፈች። እኔ አዋቂው ባልሽ ሽጉጡን ጨርቅ ጠቅልዬ ከትቼው ቢሆን ኖሮ፣ ወይም የተሻለ ስፌት ሰፍቼ በጎን ኪስ አበጅቼለት ቢሆን ኖሮ... አልጨርሰውም። ጥጧን ሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ከተትኳት። ካንቺ ደበቅኳት ማለት ነው፤ ሌላ ምን ይባላል?

ሌላም ጥፋት አለብኝ፣ የሁሉም ቀላሉ መስሎኝ ከሁሉም የከበደኝ። ባዶ ሽጉጥ ነበር ስላልኳቸው ሰው ሁሉ አንቺን ነው የሚወቅሰው። ፀጉር አስተካካዩ መላጨቱን አቁሞ፣ ምላጩን እንደያዘ፣ በደንበኛው ፊት «ለአንድ ባዶ ሽጉጥ ተብሎ ትዳር ይፈርሳል እንዴ? ሴት ልጅ ሲበዛባት!» አለ። እህትሽ በስልክ «አይዞህ፣ ግትር ናት፣ ይበርድላታል» አለችኝ። አንቺ እሷ ቤት ተቀምጠሽ፣ ምግቧን እየበላሽ፣ ግትር ትባያለሽ። እኔም «ተዋት፣ ጊዜ ትውሰድ» እያልኩ ቻይ ባል ሆኛለሁ። ቻይ! አንቺ ያኔ ሶፋውን ሻይ ፈሶበት ነው ብለሽ እኔን ከሰው አፍ አወጣሽኝ፤ እኔ ደግሞ ራሴን ላድን አንቺን አፋቸው ውስጥ ከተትኩሽ።

ሽጉጡን ጣቢያ አስረክቤዋለሁ፣ ላይመለስ። መርማሪው «ፈቃድ እያለህ ለምን?» ቢለኝ «ሚስቴ አትወደውም» አልኩት። ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅኩ። እዚያም እውነቱን አልተናገርኩም። አሁን ሱቁን ብቻዬን ስከፍት እፈራለሁ፤ በሩ ሲንኳኳ እደነግጣለሁ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፣ አልዋሽሽም። ግን ፈርቼ ስቀመጥ ማንም አይሞትም።

ከሰዓት በኋላ።

እዚህ ላይ ስደርስ ጥሩምባ መጣ። ነገ ወደናንተ ጭነት ይዞ ይወጣል፤ ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ እሱ ነው። «ጨረስክ?» ሲለኝ «ቁጭ በል» አልኩት። በዚያ በጥርስ ሐኪሙ ሶፋ ላይ አስቀምጬ ነገርኩት። ጥይቱን፣ ቃታውን፣ «እኔ ነኝ» ማለትሽን። ጥሩምባ ዝም አለ። ጥሩምባ ዝም ሲል አይተሽ ታውቂያለሽ? የሚመታኝ መስሎኝ ነበር፣ ቢመታኝም ግድ አልነበረኝም። ተነስቶ በሩ ጋ ቆመና ጀርባውን ሰጥቶኝ «እህቴን እኮ ስለምን፣ ስቆጣት ነበር» አለ። ከዚያ «ደብዳቤውን ስጠኝ» አለኝ፤ ገና ነው አልኩት፤ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ነው። ሬዲዮውንም አልከፈተም።

ቀጥዬ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሄጄ በደንበኞቹ ፊት ነገርኩት። ምላጩን አስቀመጠ። ያለውን አልጽፍልሽም፤ ያንቺን ስም ግን አስተካክሏል፤ አሁን ወቀሳው ወደ ባለቤቱ ተመልሷል። እህትሽን አንቺ እንደፈለግሽ፤ ደብዳቤውን ብታነቢላት አልከፋም።

ልጃችንም ደወለች። «እማዬስ?» አለችኝ። ገበያ አላልኩም። «እናትሽ አክስትሽ ጋ ናት፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ምን እንዳጠፋሁ እሷ ካነበበችው በኋላ እነግርሻለሁ» አልኳት። «አባዬ፣ ታመሃል እንዴ?» አለች። አልታመምኩም አልኳት።

እንግዲህ «ተመለሺ» ብዬ ልለምንሽ ብዕሬን ስንት ጊዜ አነሳሁ። አልለምንሽም። ድንኳን ውስጥ ካንተ ቀጥሎ ያለሁት እኔ ነኝ ብለሽ ነግረሽኝ ነበር፤ እንደዚያ ካለ ሰው ጎን ደግመሽ ተኚ የማለት አፍ የለኝም። ሁለተኛ እንዲህ አላደርግም ብዬም አልምልልሽም። አንቺን ይንሳኝ ብዬ ምዬ አንቺን ነሳኝ፤ ከእንግዲህ በምን ልማል?

ከደብዳቤው ጋር ትራስሽን ልኬዋለሁ። ጥጡን ሁሉ አውጥቼ በጣቴ አፍታትቼዋለሁ፣ የተጓጎለ የለበትም። ልብሱን አጥቤዋለሁ። ስፌቱን ግን አልዘጋሁትም። ሆዱ እንደተከፈተ ነው የመጣልሽ፣ ጥሩምባ እንዳይበተን በላስቲክ ጠቅልሎታል። እጅሽን ከትተሽ እስከ ጥግ ድረስ ዳብሺው። እኔ «ምንም የለበትም» ብልሽ ምን ዋጋ አለው? አንቺ ራስሽ ዳብሰሽ እወቂው። መርፌና አረንጓዴ ክር ኤንቨሎፑ ውስጥ አለ፤ እርግጠኛ ስትሆኚ አንቺው ስፊው። ስፌትሽ የዶሮ ጭረት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስነግርሽም ስቀሽልኝ አታውቂም፤ ይሁን፣ ጠማማ ይሁን፣ እኔ ከሰፋሁት ይበልጣል።

ኤንቨሎፑ ጥግ ላይ በወረቀት የተጠቀለለች ቁራጭ ጥጥም ታገኛለሽ። በዘይት ጠቁራለች፤ ምን ሆና ነው ብለሽ እንዳትጥያት ብዬ ነው የምነግርሽ። አንቺን ያተረፈችሽ እሷ ናት፤ እኔ አይደለሁም። ትራሱ ውስጥ መልሰሽ ብትሰፊያት ያንቺ ነው፣ ብትጥያትም ያንቺ ነው።

አንገትሽን እግዜር ይማርልሽ። እንቅልፍሽ የማይቆረቁር ይሁን። በርሽን ቀስ ብሎ የሚከፍት ሁሉ ሻይ ይዞልሽ የሚመጣ ይሁን።

ጥፋቱን የማይክድብሽ
ወስፌ

መርፌዋ አዲስ ናት፣ ስለታም። ጣትሽን እንዳትወጊ።